ስምንት ሰው የሚጭን መኪና

ባለፈው ወር ጎማ ለማስቀየር ስፕሪንግፊልድ ሄጄ ነበር። ሠራተኛው ቁልፌን ተቀብሎ ውስጥ ገብቼ እንድጠብቅ በሩን ከፈተልኝ። የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ግን ወደ ውጭ ተመለስኩ። ሽታውን ጠልቼው አይደለም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ችግሩ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አሥር ዓመቴ አብሮት መምጣቱ ነው፤ አሥር ዓመቴ ሲመጣ ደግሞ ሰው ሁሉ አንድ ነገር የደበቀኝ ይመስለኛል። ያን ቀንም መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ሠራተኛው የሚገጥማቸውን ጎማዎች አንድ በአንድ ስከታተል ቆየሁ። አሮጌዎቹን አጥቦ መልሶ ቢገጥምልኝስ?

ጥርጣሬ በዘር መጣብኝ እንዳልል እናቴ የዋህ ሰው ነበረች ይላሉ። እኔ መጠራጠርን የተማርኩት በአንድ በጋ፣ መኪና ሲመረጥ ነው።

የምንኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ነበር፤ እቴቴ፣ ባሏ ጋሼ ደረጀ፣ ስድስት ልጆቻቸው እና እኔ። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የጉዞ ወረቀቱ አልቆ ከአገር ቤት መጥቼ እነሱ ቤት ስገባ ዘጠኝ ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ልጆቹ "ማሚ" እና "ዳዲ" ይላሉ፤ እኔ "እቴቴ" እና "ጋሼ" እላለሁ። እንዲህ በይ ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ እንደነሱ በይ ያለኝም የለም። ማዕድ ስንቀርብ ለእኔ እኩል ይደርሰኛል፣ ጫማ ሲገዛ ለእኔም ይገዛል፤ ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ይኸው ራሱ ያጠራጥረኝ ነበር። ሊዲያን፣ እኩያዬን፣ እቴቴ በቀን አሥር ጊዜ ትቆጣታለች። እኔን አትቆጣም። እንግዳ አይቆጡም ብዬ ደመደምኩ።

ሌላም ነገር ነበር። እቴቴ ሰው ሲቆጠር አትወድም። ዳቦ ይቆጠራል፣ ብርጭቆ ይቆጠራል፣ ሰው አይቆጠርም። ትልቁ ልጅ ናሆም ከመኪና ስንወርድ "ዋን፣ ቱ፣ ስሪ" እያለ ጭንቅላታችንን ሲነካካ "አታሟርት!" ብላ እጁን ትመታዋለች። የሕፃናት ሐኪሟ ስንት ልጅ እንዳላት ብትጠይቃት መልሷ "እግዚአብሔር የሰጠኝን ያህል" ነበር፤ ናሆምም አንገቱን ደፍቶ ይተረጉመዋል። እኔ ለእናቴ አንድ ነበርኩ። አንድን ልጅ ማን ይቆጥራል? ስለዚህ ልማዱን ሰምቼው አላውቅም። በልጅ ጭንቅላቴ የመሰለኝ እንዲህ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤት ስንት ሰው መያዝ እንዳለበት የሚወስን ሕግ አለ፣ እኛ ቤት ከሕጉ አንድ ሰው ተርፏል፣ እቴቴ ያንን እንዳይታወቅባት ትደብቃለች። የተረፈው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ትሬይለሩ የመጣው። ጋሼ ደረጀ ክሪስታል ሲቲ አንድ ሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ ያስተዳድር ነበር። እዚያ ለብዙ ዓመት መኪናቸውን ያቆሙ አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ሚስታቸው ሲሞቱባቸው "ልጆች ያሉት ሰው ይውሰደው" ብለው ሰጡት። አልጋ፣ ምድጃና ጠባብ መታጠቢያ ያለው፣ በመኪና እየተጎተተ የሚሄድ ቤት ነው። ጋሼ ሲነግረን ከደስታው ብዛት ቆሞ ነበር የሚያወራው። እውነቱን ነው፣ ሆቴል ለእኛ አልተሠራም። ሁለት ክፍል እንይዝና ገሚሳችን በጎን በር እንገባለን፤ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ስንሰለፍ ሠራተኞቹ ከየት እንደመጣን ግራ ይገባቸዋል።

በእኛ መንገድ ላይ ትሬይለር ማቆም ስለማይፈቀድ አሌክሳንድሪያ፣ አባባ ላቀው ጓሮ ገባ። አባባ ላቀው የጋሼ ደረጀ አጎት ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ በበጋም ኮት የማያወልቁ ሰው። በጎልማሳነታቸው የአሰብን መንገድ ተሳቢ በሚጎትት ከባድ መኪና ሲመላለሱበት ኖረዋል። በቤተሰቡ ውስጥ መጎተት የሚባል ነገር ከተነሳ ከእሳቸው በላይ የሚናገር የለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የወንዙን ድልድይ ተሻግረን ልናየው ሄድን። ልጆቹ እየተጋፉ ገብተው አልጋ ሲሻሙ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። ጠረጴዛው ሲተጣጠፍ ለሁለት ሰው ይሆናል። ሶፋው ሁለት ያስተኛል። ከፊት የባልና ሚስት አልጋ አለ፣ ከኋላ አንዱ በአንዱ ላይ የተሠሩ ሁለት ጠባብ አልጋዎች። ስምንት ሰው። ናሆምን ለጥ ብሎ ከተኛበት አስነስቼ ጠረጴዛውን ራሴ አጣጥፌ እንደገና ቆጠርኩ። ያው ስምንት ነው። "ሰብለ፣ አንቺስ የቱን ያዝሽ?" ብላ ሊዲያ ጠየቀችኝ። "ገና ነኝ" አልኳት።

ትሬይለር ያለ መኪና ቤት ነው እንጂ ትሬይለር አይደለም። የጋሼ ደረጀ አሮጌ ሚኒቫን እንኳን ቤት ራሱንም በጭንቅ ነው የሚጎትተው። ስለዚህ ያ በጋ በሙሉ የመኪና ፍለጋ ሆነ፤ ፍለጋው ደግሞ ያለ አባባ ላቀው አይሆንም። እሳቸው ማንንም አያምኑም። ከሥሩ ታጥቦ የመጣ መኪና ካዩ "ምን ሊደብቅ አጠበው?" ይላሉ። ሳይታጠብ ከመጣ "ጌታው ያልራራለትን እኔ ልራራለት?" ይላሉ። ኮፈኑን አስከፍተው የዘይቱን መለኪያ ያወጡና በጣታቸው አሽተው ያሸቱታል። ሞተር ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ባለመኪናው በዚያን ሰዓት ሊያወራ ከሞከረ "ሞተሩ ይናገር" ብለው ያስቆሙታል።

"ደረጀ" ይሉት ነበር፣ "ተሳቢ ዳገት ላይ አይገድልህም። ዳገት ላይ ከደከመህ ትቆማለህ። ቁልቁለት ላይ ነው ከኋላ የሚገፋህ። መኪና የሚመረጠው ለመሄድ አይደለም፣ ለመቆም ነው።"

እኔ ከጎናቸው አልጠፋም ነበር። ስለወደድኳቸው አይደለም፤ ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ ነው። ተጠራጣሪን ሰው ተጠራጣሪ ብቻ ነው የሚያነበው። አንድ ቅዳሜ ጓሮው ውስጥ አሰለፉንና የገበያ በግ እንደሚገመተው በብብታችን ይዘው ከመሬት አነሱን።

እቴቴ ከመስኮት ብቅ አለች። "አባባ፣ ልጆቹን ምን እያደረጓቸው ነው?"

"ጭነት ነው የማየው" አሉ። አንዱን አንስተው ሲያስቀምጡ ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አውጥተው በእርሳስ ይጽፋሉ። እኔ ላይ ሲደርሱ ሁለቴ አነሱኝ። "ይቺ ከመልኳ ትከብዳለች" አሉና ጻፉ። ሌላውን ማንንም ሁለቴ አላነሱም። በዚያ ላይ ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው ቁመቴን ለኩ፤ የእኔን ብቻ።

"ብቻሽን መተኛት ትፈሪያለሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አልፈራም" አልኩ፣ እየፈራሁ።

"ጎሽ" ብለው ይህንንም ጻፉ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ወይም የተገለጠልኝ መሰለኝ። እነሱ ትሬይለሩን እየጎተቱ ተራራ ላይ ለሽርሽር ሲሄዱ እኔ አሌክሳንድሪያ ልቀር ነው። ከዚያም ጉዞው ካለቀ በኋላ ማንም መጥቶ አይወስደኝም። የአባባ ላቀውን ቤት በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ቁልፎች፣ ከኋላ ያለችው የሠፈር ድመት እንኳ የማትገባባት ትንሽ ክፍል። ሰው እንዲህ ነው የሚተወው ብዬ አሰብኩ፤ በመጀመሪያ ይለካል።

መብላት ቀነስኩ። ከመልኬ የምከብድ ከሆነ መቅለል እችላለሁ። ግማሹን ለሊዲያ አሳልፋለሁ፣ ዳቦዬን ኪሴ ውስጥ ደብቄ ለወፎች እበትናለሁ። እቴቴ ግንባሬን በእጇ ጀርባ እየነካች "ምን ሆነሽ ነው የማትበዪው? ሆድሽን ነው?" ትለኛለች። "ጠግቤ ነው" እላታለሁ። በሳምንቱ አባባ ላቀው ዘንድ ስንደርስ ጫማዬን አውልቄ ፊታቸው ቆምኩ።

"አባባ፣ እስቲ አሁን ያንሱኝ።"

አነሱኝ። ፊታቸው ተኮሳተረ። "ምነው ቀለልሽ?" አሉ። እኔ በደስታ ልበር ደረስኩ። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ እቴቴ ሄደው "ይቺን ልጅ አብያት፣ ቀንሳለች" አሏት። መልሰው ሊያከብዱኝ ነው ብዬ ጠረጠርኳቸው።

መኪና መሸጫው ግቢ የሄድነው በዚያው ሳምንት ነው። ሻጩ የእኛው ሰው ነበር፤ ብሩክ ይባላል፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከወሬው ፈገግታው የሚቀድም።

"እንኳን ደህና መጣችሁ! እሺ ጋሼ፣ ፋሚሊ ስንት ናችሁ? ሄድ ካውንቱን ካወቅኩ ዳይሬክትሊ ራይቱ መኪና ላይ ነው የምወስዳችሁ።"

እቴቴ ሕፃኑን ማቲን ወደ ትከሻዋ አስጠግታ "ተመስገን፣ ደህና ነን" አለች።

ጋሼ ደረጀ ፈጠን ብሎ "ስምንት" አለ።

ከኋላው ነበርኩ። ሸሚዙን ይዤ ነበር፣ ለቀቅኩት። አፉ አላደናቀፈውም፣ አላሰበም፣ አልቆጠረም። የተለማመደው ቃል ነበር። አሁንም ድረስ በዚያ ግቢ ባለፍኩ ቁጥር ያ ቃል ይሰማኛል።

ብሩክ ጥቁር፣ ረጅም፣ ፊታችን የሚታይበት መኪና ላይ ወሰደን። "ኤት ፓሰንጀር፣ ቶው ፓኬጅ ያለው!" ስምንት ሰው የሚጭን፣ መጎተቻ የተገጠመለት ማለቱ ነው። ልጆቹ ጮኹ። ጋሼ ደረጀ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። ለሙከራ ሊነዱት ሲሉ ጋሼ፣ አባባ ላቀው፣ ብሩክ እና አምስቱ ልጆች ገቡ፤ መኪናው ሞላ። እቴቴ ማቲ እጇ ላይ ስለተኛ ቀረች። እኔም ቀረሁ። እቴቴ ልጅ ይዛ ነው የቀረችው፣ እኔ ምን ይዤ ነው?

ሲመለሱ አባባ ላቀው የሹፌሩን በር ከፍተው ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ናሆምን አስነበቡት።

"የሰውና የዕቃ ክብደት ከዚህ እንዳያልፍ ነው የሚለው፣ አባባ" አለ ናሆም።

ከደረት ኪሳቸው ያችን ወረቀት አወጡ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"አባባ፣ እኔን ይስሙኝ" አለ ብሩክ፣ "የናንተ ትሬይለር ሲክስ ታውዘንድ ፓውንድ ነው ብላችኋል። ይሄ ናይን ታውዘንድ ይጎትታል። ኢዚሊ!"

"መጎተቱን ማን ጠየቀህ ልጄ? በሬም ይጎትታል። መሸከሙን ነው ያልኩህ። ትሬይለሩ አፍንጫውን የሚያሳርፈው መኪናው ላይ ነው፤ እሱ ብቻውን አራት ጎልማሳ እንደተቀመጠ ቁጠረው። በላዩ ላይ ሕዝቡ አለ፣ ውኃው አለ፣ ስንቁ አለ።"

"ትንሽ ቢያልፍ ምን ይላል አባባ?" አለ ጋሼ ደረጀ፣ ኮፈኑን እየደባበሰ።

"ምንም አይልም። የሚልህ ቁልቁለቱ ነው።" ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ምርጫህ ሁለት ነው ደረጀ። ወይ ሰው ቀንስ፣ ወይ መኪና ቀይር።"

"ሰው ልቀንስ እንግዲህ!" አለ ጋሼ እየሳቀ። ሁሉም ሳቀ። ያልሳቀውን ሰው ለማየት ዞር ዞር አልኩ፤ ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መኪናው ምን ያህል እንዳማረው ፊቱ ላይ አይቻለሁ። አንድ ሰው መቀነስ ከእንደዚያ ያለ መኪና ከመለየት እንደሚቀል አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ያውቀዋል።

ግን መኪናው ቀረ። በምትኩ አባባ ላቀው ሎረል ድረስ ሄደው ያገኙት ነጭ ቫን መጣ፤ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ አረጋውያንን ሐኪም ቤት ሲያመላልስ የኖረ። ካርቶን አንጥፈው ከሥሩ ተኝተው ሲያዩት ቆዩና ወጥተው ኮታቸውን አራገፉ። ምንም አላሉም። "ዝም ካሉ አመሰገኑ ማለት ነው" አለን ጋሼ፣ ድምፁ ግን የሐዘንተኛ ነበር። ናሆም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ "ኦ ማይ ጋድ፣ ነርሲንግ ሆም ቫን! ዳዲ፣ ስኩል በዚህ እንዳታደርሰኝ፣ ፕሊዝ" አለ። አባባ ላቀው በሰው ጎማ ስለማያምኑ ጎማው ሁሉ አዲስ ተገዛለት። ውስጡ ለሳምንታት ጎማ ጎማ ይሸት ነበር።

አሥራ ሁለት ወንበር ሲባል ለአንድ ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንደርስ የመጨረሻው፣ አራት ሰው የሚይዘው ረጅም ወንበር ተፈትቶ ሣሩ ላይ ቆሟል። ከአሥራ ሁለት ላይ አራት ሲነሳ ስንት እንደሚቀር በትምህርት ቤት ጎበዝ መሆን አያስፈልገኝም ነበር። ሣሩ ላይ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ቫኑን አየሁት። አባባ ላቀው ወለሉ ዝጎ እንደሆነ በመዶሻ ጫፍ እየመቱ ያዳምጡ ነበር። ወንበሩ ለምን ወጣ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቅና ቢነግሩኝስ?

ከሰዓት በኋላ እጄን ይዘው ትሬይለሩ ውስጥ አስገቡኝ። ከኋላ፣ ከሁለቱ ጠባብ አልጋዎች ፊት ለፊት፣ ከሳንቃ የተሠራ ሌላ አልጋ በግድግዳው ላይ ተገጥሞ ፍራሽ ተነጥፎበታል። "ተኚ እስቲ" አሉ። ተኛሁ። እግሬ ልክ ጫፉ ላይ አለቀ። "ልክሽ ነው" አሉና ረክተው ወጡ። ያን ጊዜ ማመን ነበረብኝ፤ ሌላ ልጅ ቢሆን ያምን ነበር። እኔ ግን ከሥር ገብቼ አየሁት፣ አራት ብሎን ብቻ ነው የያዘው። የሚፈታ ነገር ነው ብዬ ወጣሁ።

የጉዞው ጠዋት ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ላዩ ላይ ግን የውኃ በርሜሎች፣ ብርድ ልብስ፣ የዳቦ ቆሎ ከረጢትና አዲሱ መለዋወጫ ጎማ ተቆልለዋል። ሌሎቹ ቀድመው ፊት ፊቱን ያዙ። ለእኔ ከጎማው አጠገብ አንድ ሰው የምታስቀምጥ ቦታ ተረፈች። ከፊቴ ብርድ ልብሱ ስለተከመረ ማንንም አላይም፣ ማንም አያየኝም። ከዕቃው ጋር ነው የሄድኩት።

አባባ ላቀው ከፊት ወንበር ሆነው ገና ተራራው ሳይጀምር ጋሼን አንድ የከባድ መኪና ማደያ አስገቡት። እዚያ መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ የሚመዘኑበት መሬት ላይ የተነጠፈ ሚዛን አለ። "ሁላችሁም በየቦታችሁ! ጭነት ነው የምመዝነው፣ ማንም እንዳይወርድ!" አሉ። ሚዛኑ ላይ ወጣን፣ ተመዘንን፣ ወረቀት መጣ። የቫኑ ኋላ ከብዷል ተባለ። ወደ ጎን ቆመን እሳቸውና ናሆም የኋላውን በር ከፍተው የውኃ በርሜሎቹን ወደ ትሬይለሩ ማጋዝ ጀመሩ። ዕቃው ብቻ ነበር ቦታ የሚቀይረው።

በርሜሎቹ ሲነሱ በሩ ከኋላዬ ክፍት ሆኖ ታየኝ። ቀድሜ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። እስከ መቼ እጠብቃለሁ የሚል ሐሳብ ድንገት መጣብኝ። ሊተዉኝ ከሆነ አሁን ይተዉኝ፤ ካልሆነም ልወቀው። እሳቸውና ናሆም ትሬይለሩ ውስጥ ሲገቡ ወርጄ ከሱቁ ግድግዳ አጠገብ ካለው የበረዶ ሣጥን ጀርባ ተደበቅኩ። በሩ ተዘጋ። ቫኑ ተንቀሳቀሰ። መጥራት እችል ነበር፣ አልጠራሁም።

ቫኑ ዞሮ ሚዛኑ ላይ ወጣ። አባባ ላቀው ናሆምን አስከትለው ወርደው ሁለተኛውን ወረቀት ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን አውጥተው ጎን ለጎን ያዟቸው።

"ይሄ ሚዛን ይዋሻል!" አሉ ጮክ ብለው። የሚዛኑ ሠራተኛ ትንሽ መስኮቷን ከፍታ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች። "አይዋሽም ነው የምትለው" አለ ናሆም።

"እንግዲያው ሌባ አለ። ከቫን ወደ ትሬይለር ያዛወርነው ዕቃ ድምሩን አይቀንስም። ሠላሳ ኪሎ የሚሆን ጎድሏል። ናሆም፣ ምን አወረድክ?"

"ናቲንግ አባባ! ምንም!"

"ሠላሳ ኪሎ የት ይሄዳል?"

እቴቴ ከውስጥ ሰማችው። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ያየሁት ፊቷን ነው፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ወደ ቫኑ ዞራ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፣ የልጆቹን ራስ በየተራ እየነካች። ድምፅዋ በግቢው ሁሉ ተሰማ።

"አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት..." ናሆምን ከጎኗ ቆሞ ስታገኘው ክንዱን ጨመደደችው፣ "ስድስት!" ወደ ኋላው ወንበር ጮኸች፣ "ሰብለ! ሰብለ!" ብርድ ልብሱን መነጨቀችው። ከዚያ ወደ መስኮቷ ሴት ሮጠች፤ ነጠላዋ ወድቆ አላነሳችውም።

"ሰቨን!" አለች በዚያ በምታፍርበት እንግሊዝኛዋ። "አይ ሃቭ ሰቨን ቺልድረን! ሰቨን! ዋን ኢዝ ኖት ሂር!"

ከሣጥኑ ጀርባ ወጣሁ። እቴቴ ስታየኝ መጥታ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ዓይኔ እስኪጨልም ድረስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችኝ። ከዚያ አቅፋኝ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም አለቀስን።

"ምን ነክቶሽ ነው?" አለ ጋሼ ደረጀ፣ አጠገባችን ቁጢጥ ብሎ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"ስምንት ነን ስትል ሰምቻለሁ" አልኩት። "ለብሩክ። ዘጠኝ ነን እኮ። እኔን አልቆጠርከኝም።"

እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ሰብልዬ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ አንድ እቀንሳለሁ። ዓይን እንዳያርፍብን። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚለው፣ አያቴም።"

"ማንን ነው የምትቀንሰው?"

"ማንንም! ቁጥር ይቀነሳል እንጂ ሰው ይቀነሳል?" እጄን ያዘ። "አንቺ ሳትመጪ እኮ ሰባት ነን ነበር የምለው። ስምንት ማለት የጀመርኩት አንቺ ስትመጪ ነው።"

በጣቴ አሰላሁት። ስምንት ነበሩ፣ ሰባት ይል ነበር። እኔ መጣሁ፣ ስምንት አለ። ልክ ይመጣል። ልክ ስለመጣ ብቻ ግን አላመንኩም፤ ናሆምን ወደ ጎን ስቤ እውነት መሆኑን ጠየቅኩት። "ያ፣ ኦልወይስ ሰቨን ነበር የሚለው" አለኝ ትከሻውን እየነቀነቀ፣ "ሶ ኢምባራሲንግ።" ናሆም የሚዋሽበት ምክንያት ስላልነበረው አመንኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ተመዝነን መንገድ ጀመርን። እቴቴ ከፊት አልተቀመጠችም፤ ብርድ ልብሱን ጎማው ላይ ወርውራ ከእኔ ጋር ኋላ ገባች። አንጓዬን ይዛለች፣ ውኃ ስትጠጣ እንኳ አልለቀቀችውም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ የምትጸልየው ስለ እኔ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ፈርታለች። በሕይወቷ ያልተናገረችውን ቁጥር በአደባባይ፣ ለማታውቀው ሰው፣ ሙሉውን ተናግራለች። ማቲ ከፊት ባሳለ ቁጥር ትደነግጣለች። ያ በጋ እስኪያልቅ የአንዳችን ጉልበት በተላጠ ቁጥር "የእኔ ጦስ ነው፣ ቆጥሬ ነው" ትል ነበር።

ተራራው ሲጀምር፣ መኪናው እያቃሰተ ሲወጣ፣ ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ።

"እቴቴ፣ እንዲህ ከፈራሽ ለምን ቆጠርሽ?"

አንጓዬን ይበልጥ ጠበቅ አደረገችው።

"ምን ላድርግ?" አለችኝ። "ጎደልሽብኝ።"